ቤት ስለ መምታታችንና ስለ ታሰረችው ካሴት

ቁጥር፦ መዝገብ ቤት ስለሌለን ባዶውን ቀርቷል
ቀን፦ ነሐሴ 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አለምነው
የቀበሌያችን የጸጥታ ጉዳዮች ኃላፊ
(የቀበሌውን ቁጥር ያልጻፍኩት እርስዎ ስለሚያውቁት፣ እኔም ስለምፈራው ነው)
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ምስጋናና ጥቂት አቤቱታ

እጅግ የተከበሩ አቶ አለምነው ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በዚህ ክረምት ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎት ነገር ለቀቅ አደረገዎት ወይ? ባለቤትዎ፣ ላሞችዎ፣ ቤይሩት ያለችው ልጅዎ የሻለም፣ ማኅተምዎና የማኅተምዎ ቀለም ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከአንዲት ካሴት ናፍቆት በስተቀር በጣም ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ። በሁለቱም በኩል ማመስገኔ ለጥንቃቄ ነው።

ከሰላምታዬ ቀጥሎ ከባድ ዜና ስላለኝ፣ ይህን ደብዳቤ መብራት ምሰሶው ላይ ተለጥፎ የምታነቡ ወገኖች ባርኔጣችሁን እንድታወልቁ እጠይቃለሁ። ባለፈው ሰኔ ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ስሟ እንኳ የሰላም ማረፊያ የሆነችው ከተማችን በሦስት ጎረምሶች፣ የባትሪ ድንጋይ ባለቀበት አንድ ቴፕና በአንዲት የዘጠና ደቂቃ ካሴት ምክንያት ልትጠፋ ጥቂት ቀርቷት እንደነበር፣ ከጥፋቱም ያዳኗት ክቡርነትዎ መሆንዎን የምገልጸው በታላቅ ድንጋጤ ነው። ሕዝቡ ይህን ሁሉ ሳያውቅ በዚያ ቀን እራቱን በልቶ፣ እግሩን ታጥቦ መተኛቱን ሳስብ እስካሁን ያንቀጠቅጠኛል።

ራሴን ለማስተዋወቅ ያህል፣ ስሜ ያለው ይባላል። አሥረኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ ሁለቱንም ጊዜ በሰላም የተመለስኩ፣ አሁን ደግሞ ከመናኸሪያ ወደ ደሴ የሚሄደውን ሰው ሻንጣና ዶሮ አውቶቡስ ጣራ ላይ የምጭን ወጣት ነኝ። እርስዎ ግን የሚያውቁኝ በሌላ ስም ነው፤ በቃለ ጉባኤዎ ላይ «ተጠርጣሪ ቁጥር ሁለት» ተብያለሁ። ቁጥር አንድ ጓደኛዬ አህመዲን ነው፤ ቁጥር ሦስት ጓደኛችን ውበቱ ነው። ከሦስት ሁለተኛ መውጣት በትምህርት ቤት ያላገኘሁት ደረጃ ስለሆነ እናቴ በጣም ደስ ብሏታል፤ እርስዎንም መርቃለች።

ሦስታችን የምንሠራው ሥራ ሂፕ ሆፕ ይባላል። ለማያውቀው ሰው ለማስረዳት፣ ሳይዘፍኑ የሚዘፈን ዘፈን ነው፤ እንደ ፉከራ እየተናገሩ፣ እንደ መንዙማ አውጪ ትንፋሽ እየቆጠቡ፣ ስንኝን በስንኝ ላይ የሚደረድሩበት ንግግር ነው። አህመዲን ይናገራል። ውበቱ ከበሮ ስለሌለን በአፉ ከበሮ ይመታል። እኔ ቃል አቀብላለሁ፣ ቃል ያለቀ ለታም ስድብ እጨምራለሁ።

ካሴቷ ደግሞ ከጅዳ የመጣች ናት። የአህመዲን እህት ሀጀራ ጅዳ ሰው ቤት ከገባች ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው። ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ፣ በጎረቤቱ ሰገነት ላይ እንደ እሷው ልብስ ከምታሰጣ ኩምባ ከምትባል የሴኔጋል ልጅ ጋር በምልክትም በተሰባበረ ዐረብኛም ተዋወቁና፣ ኩምባ ዳካር ያለው ታናሽ ወንድሟ ከሰፈሩ ልጆች ጋር በገዛ ቋንቋው፣ በወሎፍ የሚለውን ሂፕ ሆፕ ሰጠቻት። መጨረሻው ላይ ከዳሬሰላም ሁለት፣ ከአክራም አንድ ተጨምሮበታል። ሀጀራ የወንድሟን አመል ስለምታውቅ በካሴቷ በአንደኛው ገጽ ይህን ቀዳችለት፤ በሁለተኛው ገጽ ደግሞ ለእናቷ ለእትዬ ኡምኩልሱም የገዛ ድምፅዋን ሞላችበት። እትዬ ኡምኩልሱም ፊደል ስላልቆጠሩ ደብዳቤያቸው ካሴት ነው፤ ፖስታቸውም ከዐረብ አገር የሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። ሀጀራም ሽፋኑ ላይ በእጅ ጽሑፏ «ሀ፦ ወሎፍ፤ ለ፦ ቤት» ብላ ጻፈችና ላከችው። ወንጀሉ ይኸው ነው። አሁን በፈቃድዎ አቤቱታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ. ማመልከቻችንን በሚመለከት። የወጣት ማእከሉን አዳራሽ ለመጠየቅ በእጄ ጽፌ ለጸሐፊዎ ለወይዘሪት አልታየች ያስገባሁት ማመልከቻ፣ ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን «ቤት መምታት እንድንለማመድ» እንዲፈቀድልን በትሕትና የሚጠይቅ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን የሁለት ስንኞች መጨረሻ ሲገጥም ቤት መታ ይባላል ብለው አስተምረውን ነበርና፣ እኔ ሀገሩ ሁሉ ይህን የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። ከተማርኩት ሁሉ ሌላውን ረስቼ ይህቺን ብቻ ማስታወሴ የገዛ ጥፋቴ ነው። ክቡርነትዎ ግን ማመልከቻውን አንብበው በጎኑ በቀይ እስክሪብቶ «የማንን ቤት?» ብለው ጻፉበት። ጥያቄው በሙያዎ ያለዎትን ጥልቀት የሚያሳይ ነው። ሌባ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ፣ ስሙን ከነአያቱ ጽፎ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ሰው ቤት ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅበት ከተማ በእርስዎ አመራር መፈጠሩን የሚጠራጠሩ ካሉ፣ ማመልከቻችን በፋይልዎ ውስጥ ምስክር ነውና እንኳን ደስ ያለዎት።

2ኛ. ስለ ተያዝንበት ሁኔታ። ፈቃዱ እስኪመጣ በእትዬ ኡምኩልሱም ጓሮ ስንለማመድ ሁለት ሚሊሻዎች ከነጠመንጃቸው መጡብን። በዚያ ሰዓት ውበቱ በአፉ ከበሮ እየመታ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ጉንጩ ተነፍቶ ስለነበር፣ አንደኛው ሚሊሻ ልጁ አስም ተነሥቶበታል ብሎ ደንግጦ ጠመንጃውን ለእኔ አስያዘና ጀርባውን ይደልቅለት ጀመር። ለዚህ ሰብአዊ ተግባሩ ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ጠመንጃውን ስመልስለት እርሱም አመስግኖኛል። ውበቱም ቢሆን በተደለቀ ቁጥር ምቱ እየተስተካከለለት ስለሄደ እስከ ዛሬ ያንን ሰውዬ ይፈልገዋል።

ከዚያ ከነቴፓችንና ከነካሴታችን ቢሮዎ ወስደውን እርስዎ ራስዎ መረመሩን። የማንን ቤት ነው የምትመቱት ብለው አህመዲንን ሲጠይቁት፣ እሱ ስለ ስንኝ የተጠየቀ መስሎት፣ በሙያውም የጠየቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ «ለጊዜው ቀበሌ ነው። ቀበሌን በአበል ስንመታው ጥሩ ይወጣል» አለዎት። እኔ እግሩን ብረግጠው እንኳ አልገባውም። ሊልዎት የፈለገው ይህቺን ነበር፦

ዝናቡ ቢዘንብም ቧንቧው ጾመኛ ነው በእኛ ቀበሌ፣
ስብሰባው ግን ፈሰሰ፣ «ፈርሜአለሁ፣ የታል አበሌ?»

ቃለ ጉባኤዎ ግን ስንኟን አልጠበቃትም። «ተጠርጣሪዎቹ አበል በሚከፈልበት ዕለት ቀበሌውን ለመምታት ማቀዳቸውን በራሳቸው አንደበት አምነዋል» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ የአበሉ ቀን ጥብቅ ምስጢር ሆኖ ተቀባዮቹ እንኳ እንዳያውቁት መደረጉን ስሰማ ስለ እነሱ አዝኛለሁ። በዚያው ዕለት ሲለቁንም ለሦስታችን አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥተውናል፤ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ፤ በጣም ስለወደድነው እንደ ብርቅ ይዘነዋል።

3ኛ. ስለ ፊደል «ፍ»። ቴፑን ሲመልሱ ካሴቷን አስቀሯት፤ ምክንያቱም ሽፋኗ ላይ «ወሎፍ» የሚለውን ሲያነቡ ወሎ ላይ ደርሰው ቆሙና «ፍ»ን ለብቻዋ ሜዳ ላይ ጣሏት። በቃለ ጉባኤውም «ወሎ ፍ.» ተብሎ ከነነጥቡ ሰፍሯል። ነጥቧ የእርስዎ ስጦታ ናት። ከዚያ ወዲያ፣ ወሎ የሚታወቅ ስለሆነ፣ «ፍ» ማን ናት በሚል የጸጥታ ኮሚቴዎ ሁለት ሰዓት ተወያየ። አንዱ አባል ፍልሚያ ነው አሉ፤ ሌላው ፍንዳታ ነው አሉ፤ የወጣቶች ተወካዩ ፍቅር ሊሆን አይችልም ወይ ብሎ ቢጠይቅ ነገሩን አቅልሎ አይቷል ተብሎ ከስብሰባው ወጣ። «ለ፦ ቤት» የሚለው ደግሞ ክርክር ሳያስፈልገው፣ ከማመልከቻችን ጋር ተያይዞ፣ የሚመታው ዒላማ ነው ተባለ።

እኛም ቀርበን ወሎፍ ማለት የሴኔጋል ሰዎች የሚናገሩት ቋንቋ ነው ብለን በአክብሮት አስረዳን። ክቡርነትዎ ችኩል ሰው ስላልሆኑ ከመሳቢያዎ የብሔር ብሔረሰቦችን ዝርዝር አወጡ፤ በሌባ ጣትዎ ከላይ እስከ ታች ወረዱ፤ ከታች እስከ ላይም ተመለሱ። ወሎፍ የሚባል የለም፣ ከዝርዝሩ ከሌለ ደግሞ ቋንቋም ሊኖረው አይችልም ብለው ዝርዝሩን ወደ መሳቢያው መለሱት። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጨነቀው ለሴኔጋሎች ነው፤ ይህን ጉድ ማን ይንገራቸው?

5ኛ. አራተኛው አቤቱታ ከካሴቷ ጋር አብሮ ስለተያዘ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ተሸጋግሬአለሁ። ይኸኛው ስለ አስተርጓሚዎቹ ነው። የ«ሀ» ገጽን የሚፈታ ሰው ሲፈለግ የእንግሊዝኛ መምህሩ ተጠርተው እንግሊዝኛ አይደለም አሉ። ሼሁ ተጠርተው ዐረብኛም አይደለም፣ ነገር ግን እዚህም እዚያም አላህን ያነሣሉና ልጆቹ ባለጌ አይመስሉኝም አሉ። በመጨረሻም በጃንሆይ ዘመን ኮንጎ የዘመቱት ጋሽ ገበየሁ፣ ከኮንጎ ወዲህ ማዶ ለማዶ ያለውን የአፍሪካ ሰው ቋንቋ ሁሉ እሰማለሁ ስለሚሉ በክብር ተጠሩ። ጋሽ ገበየሁ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ ሁለት ጊዜም አስደገሙ፤ ከዚያ «እነዚህ ልጆች ውሃ አስቸግሯቸዋል» ብለው መሰከሩ። ሌላስ ሲባሉ «መብራትም» ብለው ጨመሩ።

ማምሻውን መንገድ ላይ ሳገኛቸው ከሰሙት አንዲት ቃል እንዳልገባቸው በሳቅ አጫወቱኝ። ጎረምሳ እንዲህ ተንገብግቦ የሚናገረው ስለ ውሃ ካልሆነ ስለ ሴት ነው፤ ስለ ሴት ቢሆን ደግሞ መሐል ላይ ዝግ ይል ነበር አሉኝ። አሁን የሚደንቀውን ልንገርዎት። ሀጀራ ለወንድሟ ከካሴቷ ጋር በላከችው ብጣሽ ወረቀት ላይ፣ የኩምባ ወንድም የሚለው ክረምት በገባ ቁጥር ቤታቸው ስለሚገባው ጎርፍና በዚያው ስለሚጠፋው መብራት ነው ብላ ጽፋለች። ጋሽ ገበየሁ ቋንቋውን ሳያውቁ በግማሽ ቀን የደረሱበት ቦታ፣ ኮሚቴው ፊደል እየቆጠረ በሁለት ወር አልደረሰም።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን አንድ ነገር በጆሮዎ ሹክ ልበልዎት፤ ይህ ሥራ የእኛ የሦስታችን ብቻ አይደለም። ዳካር ላይ በወሎፍ፣ ዳሬሰላም ላይ በስዋሂሊ፣ ናይሮቢ ላይ ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም እንደ ድልህ ለውሰው፣ ሶዌቶ ላይ በዙሉ፣ ሥራ የፈታ ልጅ ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ስለ ገዛ ሰፈሩ ይናገራል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አሜሪካኖቹን ይቀዳ ነበር አሉ። እኛም ቀድተናል። ውበቱ ሱሪውን እስከ ጭኑ ዝቅ አድርጎ ወግዲ ገበያ ቢሄድ አንዲት እናት አዝነውለት «ልጄ፣ መታጠቂያ የለህም?» ብለው ፍየላቸውን የሳቡበትን ገመድ ሰጥተውታል። ተቀብሎ አመስግኖ ታጠቀው። ከዚያ ቀን በኋላ ነው የሰው ሱሪ እንደማይበጀን፣ የገዛ አፋችን እንደሚበቃን የገባን። ዳካር ያለውም ልጅ፣ አክራ ያለውም ልጅ የሚመታው የራሱን ቤት ነው። እኛም የራሳችንን እንጂ የእርስዎን ቤት የመምታት ሐሳብ የለንም፤ የእርስዎ ቤት ውሻ አለው።

6ኛ. ይህ አቤቱታ ሳይሆን አድናቆት ነው። ሂፕ ሆፕ አራት ምሰሶዎች እንዳሉት የሚያውቁ ይናገራሉ፤ መናገር፣ ሸክላ ማጫወት፣ መደነስና ግድግዳ ላይ መጻፍ። እኛ ከአራቱ በአንዱ ብቻ ስንፍጨረጨር፣ ቀበሌያችን በአራተኛው ምሰሶ ርቆ ሄዷል። በስምንት ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» አስብሎ አጽፏል፤ ከስምንቱ በሦስቱ ላይ ግን ጸሐፊው ከመሐል አንዲት «ክ» ዘሎ «እዚህ መሽናት ክልል ነው» ብሎታል። ሕዝቡም መመሪያ አክባሪ ስለሆነ ክልሉን በሚገባ እየተጠቀመበት ነው።

7ኛ. ሰባተኛው ስለ «ለ» ገጽ ነው፤ ይህን ስጽፍ ብዙም አልሳቅሁም።

ካሴቷ ከጅዳ በመጣችበት ዓርብ ዕለት እትዬ ኡምኩልሱም ነጠላቸውን አጣፍተው ቴፑ ፊት ተቀመጡ። ሀጀራ ሰፈርተኛውን ሁሉ በስም እየጠራች ሰላም አለች፤ የማን ላም እንደ ወለደች ጠየቀች፤ አሠሪዋ ሻይዋን እንደምትወድላት ተናገረች። ከዚያ «እማ፣ አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ፣ ከረመዳን በፊት መልስ…» ስትል የቴፑ ድንጋይ አለቀ። ድምፅዋ ዳገት ላይ እንደ ደከመ በሬ እየተጎተተ፣ እየወፈረ ሄዶ ቆመ። እትዬ ኡምኩልሱም ቴፑን ጆሯቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩ። እኛ ነገ ጠዋት ድንጋይ እንገዛለን፣ አብሽሪ እማ አልናቸው። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ልምምዱ ይዞን ከሰዓት በኋላ እንገዛለን አልን። ከሰዓት በኋላ የመጡት ሚሊሻዎች ናቸው። በዚህች በአንዲቷ ብቻ ጥፋተኞች ነን፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ግን ይህቺ አልተጻፈችም።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ኡምኩልሱም ሰኞ ሰኞ ቢሮዎ እየመጡ በረንዳው አግዳሚ ላይ እንደሚቀመጡ ያውቃሉ፤ አግዳሚውም ያውቃል። ካሴቷን አልሰጥም ካሉ እንኳ ልጄ ምን እንዳለችኝ በአፍዎ ይንገሩኝ ብለው በአላህም በነቢም ለምነውዎት ነበር። ክቡርነትዎም ይዘቱ በምርመራ ላይ ያለ ምስጢር ስለሆነ ለሦስተኛ ወገን መግለጽ እንደማይቻል በትሕትና አስረዷቸው። የልጃቸው እናት መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ ሦስተኛ ወገን መሆናቸውን ግን ያን ቀን ነው የሰሙት። ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሡና ያሉዎትን ኮሚቴው ባይመዘግብም እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ስለነበር መዝግቤዋለሁ፤ «ልጄ የጠየቀችውን እርስዎ ይወቁት። መልሱ ግን ያለው እኔ ዘንድ ነው።»

እንግዲህ ረመዳን ከዕንቁጣጣሽ ጋር ተያይዞ ሊገባ ነው። ሌላው ሰው አዲሱን ሺህ ዓመት ይጠብቃል፤ እኚህ እናት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠብቃሉ። ሀጀራ የምትደውለው በዒድ ብቻ ነው፣ እሱም አሠሪዋ ከፈቀደች። ጥያቄው የጋብቻ ይሁን፣ ወደ ቤት ልመለስ ይሁን፣ ቤት ልቀይር ይሁን፣ በመካነ ሰላም የሚያውቀው እርስዎ ብቻ ነዎት። ሳይላኩ የቤተሰቡ ሽማግሌ ሆነዋል ማለት ነው፤ ሹመቱን ያዳብርልዎት።

እኛ ግን ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ለዕረፍት መጥታ ባለፈው ሳምንት ወደ ጅዳ የተመለሰች አንዲት የከላላ ሴት ነበረች። ከጋሽ ገበየሁ ድንጋይ የሞላ ቴፕ ተዋስን፤ አንዲት ባዶ ካሴት ገዛን፤ እትዬ ኡምኩልሱምንም ጓሮ አስቀመጥናቸው። መጀመሪያ ለቴፑ ሰላምታ አቀረቡ፤ ቀጥሎም ጮክ ብለው እንዲህ አሉ፦ «ሀጀራዬ፣ የጠየቅሽኝን አልሰማሁትም፤ የሰሙት ቢሮ ያሉት ናቸው። ልብሽ ከወደደው እኔ እሺ ብያለሁ። ልብሽ ካልወደደው ግን እናቴ እንቢ አለች በይ፣ በእኔ አሳብቢ።» ከዚያ ዱዓ አደረጉና ተነሥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አህመዲን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለነበር ምን እንደሆነ አላየሁም፤ እኔም ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

የካሴቷ ሌላኛው ገጽ ባዶ ሆነብን። ለኩምባና ለዳካሩ ወንድሟ የሚሆን፣ እዚሁ የበቀለ ሂፕ ሆፕ ልንልክላቸው ፈልገን ከቤታችን ስንኝ ሁሉ ብንፈትሽ ከእርስዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚበልጥ አጣን። ቃሉን አልነካንም፤ መስመሩን ብቻ ሰበርነው፦

ቤት ከመምታት ተግባር እንድትቆጠቡ በጥብቅ እናሳስባለን፣
ይህ ባይሆን ግን በሕግ አግባብ እርምጃ እንወስዳለን፣
ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነት እንደሌለብን እንገልጻለን፣
ስለ መልካም ትብብራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን።

አራት ስንኝ፣ አራቱም አንድ ቤት! እኛ ሁለት ስንኝ ለማጋጠም ግማሽ ቀን ሲፈጅብን፣ ክቡርነትዎ ቤት መምታትን እየከለከሉ አራት ጊዜ መቱ። ውበቱ ከሥሩ ከበሮውን ሲያስገባበት፣ «እናመሰግናለን» ላይ ሲደርስ ጋሽ ገበየሁ ሳይቀሩ ትከሻቸውን ሰብቀዋል። ሽፋኑ ላይ፣ አሕጽሮት ሳንጠቀም፣ «ሀ፦ የአቶ አለምነው ማስጠንቀቂያ፤ ለ፦ እሺ» ብለን ጽፈን በከላላዋ ሴት እጅ ሰደድነው። ኩምባ ለወንድሟ እንደምትልክለት አንጠራጠርም። በዚህም መሠረት ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ዳካር የሚገባ የመጀመሪያው የሂፕ ሆፕ ሰው እርስዎ ነዎት፤ እኛ ገና ተጠርጣሪ ነን።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ መለስ ብዬ ሳነበው፣ እውነቱን ለመናገር ነገሩ በጣም ትንሽ ነው። ከላይ ባርኔጣ ያስወለቅኋችሁ ወገኖች መልሳችሁ አድርጉ። ከተማዋ አልጠፋችም፤ የማንም ቤት አልተመታም፤ «ፍ»ም ብትሆን ወደ «ወሎ» ተመልሳ ተለጥፋለች። የሆነው አንዲት ልጅ እናቷን አንድ ነገር ጠየቀች፤ መሐል ላይ ድንጋይ አለቀ፤ ይኸው ነው። ካሴቷን ሰኞ ጠዋት አግዳሚው ላይ ለተቀመጡት ሴትዮ ቢሰጡልን ደግሞ ከዚህም ያነሰ ይሆናል፤ ድንጋዩን በእኛ ይተዉት፣ ገዝተን አስቀምጠናል።

ጉልበትዎን እንዲያሽልዎት፣ ወንበርዎን እንዲያጸናልዎት፣ ቀይ እስክሪብቶዎን እንዲያደርቅልዎት እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ፣ ከአንገቴ ሰበር ብዬ የምሰናበትዎት፣ ስሙ ያለው ሆኖ ካሴቱ የሌለው፣

ያለው
ተጠርጣሪ ቁጥር ሁለት

ግልባጭ፦
ለአህመዲንና ለውበቱ (ተጠርጣሪ ቁጥር አንድና ሦስት)
ለጋሽ ገበየሁ፣ ዋና አስተርጓሚ
ለበረንዳው አግዳሚ
ለመብራት ምሰሶው፣ መብራት ሲኖር እንዲያነበው

የተረሳ ነገር፦ ከቢሮዎ ውስጥ እንደ ተሰማው ከሆነ፣ ክቡርነትዎ የ«ሀ» ገጽን ከኮሚቴው ጋር ቢያደምጡም የ«ለ» ገጽን ግን ብቻዎን፣ በር ዘግተው፣ ሦስት ጊዜ አድምጠውታል፤ «እማ» የምትለው ቦታ ላይ ሲደርሱም ወደ ኋላ እየመለሱ ነው። ሲወጡ ዓይንዎ ቀልቶ ነበርና ጉንፋን ነው ብለዋል። ይህን ማን ነገረህ ተብዬ ብጠየቅ፣ የነገረችኝ አልታየችም እላለሁ። ልጅዎ የሻለም ከቤይሩት ካሴት የላከች ለታ ሽፋኑ ላይ «ለአባባ» ብቻ ብላ ትጻፍ፤ «ቤት» የሚል ቃል እንዳይገባበት፣ ነጥብም እንዳይኖረው፤ እንዲህ ያለውን የሚይዝ ሰው አለ። እስክትልክ ድረስ የሰው ልጅ ድምፅ ተውሶ መስማት ነውር አይደለም፤ ነውሩ አለመመለሱ ነው። በጉንፋንዎ ነገር አይስጉ፣ ለማንም አልነገርንም። ደብዳቤውም ግልጽ የሆነው ፖስታ ስለሌለን ብቻ ነው።